ለቅመም ነጋዴዋ ወዳጄ

ፍራንክፈርት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ከርመሻል» ማለቴን አትቀየሚኝ፤ ሦስት ክረምት ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ክረምት ያለፈ ማስመሰል ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

በመንገደኛ የላክሽልኝ በርበሬ ሲደርሰኝ ከረጢቱ ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች። «ሱቁን ከእማማ ተረክቤያለሁ። አንቺም ሱቅ ገብተሻል አሉ። እስቲ የዚያ አገር ሰው እንዴት እንደሚገበያይ ጻፊልኝ» ብለሽ ነበር። መልሱን ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት ብነግርሽ አታምኝኝም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ ቆይቶ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ፤ እያደር እፍረቱ ከሥራው በለጠ። እንዳሻሽ ውቀሺኝ፤ ግን ወቀሳሽን ሳትጀምሪ ጨርሰሽ አንብቢኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ እዚህ ቆይቼ መቀነሱ እየጠፋኝ ነው።

ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ርካሽ ዕቃ ከሚሸጡት ትልልቅ ሱቆች በአንዱ። የምሠራው ተቀምጬ ነው። ዕቃው በተንቀሳቃሽ ጎማ ላይ እየተሳበ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ አንድ በአንድ አነሳና በማሽኑ ፊት አሳልፋለሁ። ጎማው ላይ አንዲት ነገር አለች፤ ክንድ የማትሞላ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን የፕላስቲክ ዘንግ። ደንበኛው ዕቃውን ደርድሮ ሲጨርስ ያቺን ዘንግ አንስቶ ከኋላ ያስቀምጣታል፤ የእሱ ወተት ከሚቀጥለው ሰው ድንች ጋር እንዳይቀላቀል ድንበር ትሆናለች። ዘንጓን ለኋለኛው ሰው ማስቀመጥ ጨዋነት ነው፤ «አመሰግናለሁ» ይባልበታል። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል ሌላ ቃል አይኖርም። ከእኔም ጋር ቢሆን ሰላምታ፣ ድምር፣ መልካም ቀን፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዕቃውን ከረጢት ውስጥ የሚከተው ራሱ ደንበኛው ነው፤ እኔ ስፈጥን እሱም ይፈጥናል፤ ሰው እያስጠበቁ መንቀርፈፍ ነውር ነው።

አንቺ ቤት ንግዱ የሚጀመረው ከሰላምታ ነው። ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ የሞተ ካለ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይባላል፣ ከዚያ በርበሬው በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች ደንበኛዋ፤ «ለአንቺ ስለሆነ ነው» ትያለሽ፤ ኮርፋ ትወጣለች፤ ሦስት እርምጃ ሳትርቅ ትጠሪያታለሽ። ተመዝኖ ካበቃ በኋላ ደግሞ አንድ እፍኝ ትመርቂላታለሽ።

አሁን የሚያስቅሽን ልንገርሽ፤ እዚህ አገር ምርቃት በሕግ የተከለከለ ነበር። በ1932 በወጣ ደንብ ነጋዴ ከሸጠው ዕቃ ጋር ሌላ ነገር በነጻ ጨምሮ እንዳይሰጥ ታገደ፤ የተፈቀደው ጥቃቅን ነገር ብቻ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፤ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ደንበኛ ከ3 በመቶ በላይ መቀነስ አይቻልም ተባለ። ሁለቱም የተሻሩት በ2001 ነው። ሰባ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በየወቅቱ ማብቂያ ይደረግ ከነበረው የተፈቀደ የቅናሽ ሽያጭ በስተቀር፣ እዚህ ያደገ ሰው «ትንሽ ቀንሽልኝ» ማለትን የት ይለማመደዋል? በመጣሁ ሰሞን «እንዴት የደረቀ ሕዝብ ነው» እል ነበር። ድርቀቱ ግን ሁሉም ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ በአንቀጽ የተጻፈም አለበት።

ሕጎቹን የወለደው የትናንሽ ባለሱቆች ጩኸት ነበር። ቅናሹና ስጦታው ደንበኛቸውን ወደ ትልልቆቹ መደብሮች እየወሰደባቸው «ልንጠፋ ነው» ይሉ ነበር። ከእነዚያ ባለ ብዙ ፎቅ መደብሮች ብዙዎቹን ያቋቋሟቸው የአይሁድ ቤተሰቦች ናቸው፤ ቲትስ፣ ቬርትሃይም፣ ሾከን። በርሊን ያለውን ታዋቂ መደብር፣ ካዴቬን፣ በ1907 የከፈተው አዶልፍ ያንዶርፍም አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች የባለሱቁን ቅሬታ ከጥላቻቸው ጋር ለወሱት። በሚያዝያ 1 ቀን 1933 ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎቻቸው በአይሁድ ሱቆች በር ላይ ቆመው ደንበኛ «አትግባ» እየተባለ ተመለሰ። የሄርማን ቲትስ ቤተሰብ ከገዛ መደብሩ ተገፍቶ ወጣ፤ መደብሩ «ሄርቲ» ተብሎ ቀጠለ። ስሙ ከሄርማን ቲትስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተቀጣጠለ ነው፤ ቤተሰቡን አባርረው የስሙን ቁራጭ በሩ ላይ ተዉት ማለት ነው። የቅናሹ ሕግ የወጣውም በዚያው ዓመት መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ ስለ ዋጋ ሳስብ ይህ አብሮ ይመጣብኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን ቁርጥ ዋጋን ወድጄዋለሁ። ቋንቋ ሳልችል፣ ሳንቲሙን ከሳንቲም ሳልለይ፣ ከፊቴ ከቆመው ሐኪም እኩል ነው የከፈልኩት። መርካቶ ውስጥ ፈረንጅ ብቅ ሲል ዋጋው እንዴት ከወንበሩ ብድግ እንደሚል አንቺም እኔም እናውቃለን። እዚህ ፈረንጇ እኔ ነኝ፤ ዋጋው ግን አልተነሳብኝም።

ስለ እሑድ ልንገርሽ። የመጀመሪያዋን እሑድ አልረሳትም። ቤት ውስጥ አንድ ሽንኩርትና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ነበረኝ። «ወጥቼ ዳቦ እገዛለሁ» ብዬ ሦስት መንገድ ዞርኩ፤ ሁሉም ዝግ። ልቅሶ ያለ መሰለኝ። በመጨረሻ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ውድ ዳቦ ገዛሁ፤ ጣቢያና ነዳጅ ማደያ እሑድም ይከፈታሉና። የእሑድ ዕረፍት እዚህ በሕገ መንግሥት የተጻፈ ነው። በ1919 የቫይማር ሕገ መንግሥት ላይ የሰፈረው አንቀጽ ቃሉ ሳይለወጥ ወደ 1949ኙ መሠረታዊ ሕግ ተሻግሯል፤ እሑድ ከሥራ የሚታረፍበትና መንፈስ ከፍ የሚልበት ቀን ሆኖ ይጠበቃል ይላል። በ1956 የወጣው የመዝጊያ ሰዓት ሕግ ደግሞ ሌላውንም ቀን ጠበብ አደረገው፤ በአዘቦት ቀን ከምሽቱ 12፡30፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ መሸጥ ክልክል ሆነ። የእኔ ሥራ ባልደረባ፣ ጡረታዋ የደረሰ ሴት፣ በልጅነቷ ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ሰዓቱን እያየ ቤተሰቡን ሁሉ እንደሚያሯሩጥ ትነግረኛለች። ሰዓቱ የላላው ቀስ በቀስ ነው። ከ2006 ጀምሮ ሥልጣኑ ለክልሎች ተሰጠ፤ እኛ ያለንበት ሄሰን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ መክፈት ይፈቅዳል። እሑድን ግን በዓመት ከጥቂት ቀን በቀር የሚነካት የለም።

በርሊን ሞክራ ነበር። ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች ለሱቆች ስትፈቅድ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ከሰሷት፤ በ2009 ከፍተኛው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የገረመኝ ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈ ነው፤ ለእሑድ ሲሆን ቄሱና የሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ወገን ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የማይስሙት ብዙዎቹ ሥራ ባልደረቦቼም እሑድን አጥብቀው ይጠብቋታል። እኔማ ቅዳሴ አያመልጠኝም፤ አሁንም ከዚያ ተመልሼ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ እሑድ ትከፍቻለሽ ወይ?

አሜሪካኖቹ ይህን ሁሉ ሳያጠኑ ገቡ። ዋልማርት የሚባለው ትልቁ የሱቅ ኩባንያቸው በ1997 ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ሰላም የሚል ሰው አቆመ፣ ሠራተኛው ለደንበኛ ፈገግ እንዲል፣ ዕቃውንም በከረጢት እንዲከትለት አዘዘ። ደንበኛው «ይህ ሰው ከእኔ ምን ፈለገ?» አለ። በማያውቁት ሰው ፊት ያለ ምክንያት መሳቅ እዚህ ያጠራጥራል፤ የገዙትን ዕቃ ሌላ ሰው ሲነካውም አይወዱም። ኩባንያው በሠራተኞቹ መካከል የፍቅር ግንኙነትን የሚገድብ ደንብም አውጥቶ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገበት። ዋጋ ሰብሮ ደንበኛ ልሳብ ሲል ደግሞ የውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «ከገዛህበት በታች አትሽጥ» አለው፤ አልዲና ሊድል የሚባሉት የዚሁ አገር ርካሽ ሱቆችም አብረው ታዘዙ። በ2006 ሱቆቹን ሸጦ ወጣ። እኔ ግን ፈገግታ ብቻ አይመስለኝም የጣለው፤ በርካሽነት የሚበልጡት ቀድመውት ነበሩ።

የአልዲን ነገር እማማ ቢሰሙ ይወዱታል። አልብሬኽት የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ካርልና ቴዎ፣ ኤሰን ከተማ ያለውን የእናታቸውን ትንሽ ሱቅ ነው ከጦርነቱ በኋላ የተረከቡት፤ ልክ እንደ አንቺ። ጌጥ የለም፣ ዓይነቱ ጥቂት ነው፣ ዕቃው በመጣበት ካርቶን ይሸጣል። በ1961 ገደማ ሱቁን ሰሜንና ደቡብ ብለው ተካፈሉት፤ ሲጋራ እንሽጥ አንሽጥ በሚል አልተስማሙም ይባላል። ዛሬ ከአራት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ናቸው፤ አራቱ ተደምረው ከምግብ ንግዱ 85 በመቶ ገደማ ይዘዋል። ከአራቱ ኤዴካ የሚባለው በ1898 በርሊን ውስጥ ትናንሽ ባለሱቆች አብረው በጅምላ ለመግዛት ያቋቋሙት ማኅበር ነበር። ስሙ ውስጥ ያለው «ካ» የቅኝ ግዛት ዕቃ ነጋዴዎችን ያመለክታል፤ ቡና፣ ሻይ፣ ስኳርና ቅመም ማለት ነው። በእነሱ አጠራር አንቺም የቅኝ ግዛት ዕቃ ነጋዴ ነሽ። ይቅር በያቸው።

ርካሽ ሱቅ መግባት እዚህ አያሳፍርም። መርሴዲሱን በር ላይ አቁሞ የነገ ቅናሽ ወረቀት እያገላበጠ የሚገባ ብዙ ነው። የሚያሳፍረው ብድር ነው። በቋንቋቸው «ሹልድ» ማለት በደልም ነው፣ ዕዳም ነው። ካርድ በሞላበት ዘመን ከክፍያው ግማሽ ያህሉ አሁንም በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። የእማማ የዱቤ ደብተር እዚህ ቢመጣ የኃጢአት መዝገብ ይመስላቸው ነበር።

በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት አንዷ ረቡዕ ረቡዕ የሚመጡ አሮጊት ናቸው። ከቦርሳቸው ሳንቲም በጣታቸው እየመረጡ ይቆጥራሉ፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ትንፍሽ ሳይል ይጠብቃል። አንድ ቀን ሰው ስላልነበረ «ከየት ነሽ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ» ስላቸው ሳንቲሙን መቁጠር አቆሙ። «ቡናችሁን ጠጥተናል፤ በ1977» አሉ። የላይፕሲክ ሰው ናቸው፤ የድሮዋ ምሥራቅ ጀርመን። እዚያ ጥሩ ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ አይገኝም ነበር አሉኝ፤ ሻጯ ከባንኮኒ በታች ደብቃ ለምታውቀው ሰው ጎንበስ ብላ ነበር የምታወጣው፤ «የጎንበስ ዕቃ» ይሉታል። እንግዲህ እዚያማ ዝምድና ሠርቷል ማለት ነው። ብራዚል ላይ ውርጭ የቡናውን ምርት መትቶ የዓለም ዋጋ ሲሰቀል መንግሥታቸው ግማሹ ብቻ ቡና የሆነ፣ ቀሪው እህልና የመሳሰለው የሆነ ድብልቅ አወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በመሪያቸው በኤሪክ ሆኔከር ስም «የኤሪክ ዘውድ» እያለ ቀለደበት። በዚያው ዓመት ቬርነር ላምበርትስ የሚባለው ባለሥልጣናቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ከደርግ ጋር ተዋዋለ፤ መሣሪያና የጭነት መኪና ለእኛ፣ ቡና ለእነሱ። 1977፣ በእኛ 1969 መሆኑ ነው። የዚያን ጊዜ መሣሪያ የት የት እንደዋለ እማማን ጠይቂያቸው፤ እኔ ለአሮጊቷ አልነገርኳቸውም። «ጣፋጭ ነበር» አሉኝ፤ «ጣፋጭ ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቢኖርም ባይኖርም «የቡናዋ ልጅ» እያሉ ሰላም ይሉኛል፤ ሰልፉም ይጠብቃል።

ስለ በርበሬው ሳላመሰግንሽ ልጨርስ ነው። አንድ ኪሎ ብለሽ ነበር የጻፍሽው። ያን ጊዜ ሥራው ለምዶብኝ ቤቴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ አንድ ኪሎ ከዘጠና ግራም። ሦስት ዓመት ልጠይቅሽ ስል ነው የቆየሁት፤ ምርቃት ነው ወይስ ሚዛንሽ ተበላሽቷል?

ናፋቂሽ እህትሽ