ጉዳዩ፦ የክፍያ ጭማሪውና የልጆቻችሁ ውጤት

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ተጠናቋል፤ ካርድ በሚቀጥለው ሳምንት ከስም ጠሪ መምህራን ትወስዳላችሁ። ቤተ መጻሕፍቱም ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ክፍት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጭማሪውን ካሳወቅን ወዲህ ቢሮዬን ስልክና ደብዳቤ አልተለየውም። ጥያቄው በአብዛኛው አንድ ነው፦ «እኛ ስለጨመርን የልጃችን ውጤት ይጨምራል ወይ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳንዶቻችሁ ግን ጥያቄውን ከነመልሱ ነው የላካችሁት። «ጎበዝ ልጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ይማራል፤ ገንዘብ ጭንቅላት አይገዛም» ብላችኋል። በዚህ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በዝርዝር ላስረዳ።

ሐሳባችሁ ከባዶ የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ኮልማን የመራው ትልቅ ጥናት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ በውጤት ላይ እንደሚከብድ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹም ኤሪክ ሃኑሼክ የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ፣ በወጪና በውጤት መካከል ወጥ የሆነ ግንኙነት አላገኘሁም አለ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ተጨማሪ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚላከው ተማሪዎች ወደተቸገሩበት ቦታ ነው። ከዚያ ገንዘቡና ውጤቱ ጎን ለጎን ሲታይ «ይኸው፣ ይህን ያህል ወጥቶበት ምን መጣ?» ይባላል። ብዙ መድኃኒት የሚወስደው የታመመ ሰው ነው፤ ያሳመመው መድኃኒቱ ነው አንልም።

ይህን ችግር ያለፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ኪራቦ ጃክሰን፣ ሩከር ጆንሰንና ክላውዲያ ፐርሲኮ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት በጀታቸው የተቀየረ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን ልጆች እስከ ጉልምስናቸው ተከታተሉ። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ በ12ቱም የትምህርት ዓመታት በ10 በመቶ ከፍ ሲል፣ ልጆቹ አድገው የሚያገኙት ደመወዝ 7 በመቶ ያህል ጨመረ። በትምህርት ገበታ ላይ የቆዩበት ጊዜም ረዘመ። ለውጡ ይበልጥ የጎላው ደግሞ በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። እቤቱ የሚያስጠናው ሰው ያለው ልጅ፣ እኛ ብንደክምም በሆነ መንገድ ይሻገራል። ለሌላው ልጅ ያለነው እኛ ብቻ ነን።

«ገንዘብ የፈሰሰበት ትምህርት ቤት ሁሉ ግን አልተለወጠም» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በካንሳስ ሲቲ ትምህርት ቤቶች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። የመዋኛ ገንዳ ሳይቀር ተሠራ። ውጤቱ ግን የታሰበውን ያህል አልሆነም። ኢንዶኔዥያም ብቃታቸው ለተረጋገጠላቸው መምህራን መነሻ ደመወዙን እጥፍ አደረገች። መምህራኑ ደስ አላቸው፤ የተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ጨመራችሁ ወይ?» ሳይሆን «ምን ላይ አዋላችሁት?» ነው። ይህን ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

መልሴም ይኸው። ጭማሪው በሙሉ የሚውለው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉትን የተጨናነቁ ሴክሽኖች ለመክፈልና ማንበብ ለከበዳቸው ልጆች መምህራን ለመቅጠር ነው። ለቀለም አይውልም። ለቢሮ ዕቃ አይውልም። የግቢው በር ይታደስ ያላችሁኝን አከብራለሁ፤ በሩ ግን ማንንም ማንበብ አያስተምርም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 በተጀመረ ሙከራ ትንንሽ ልጆች በዕጣ ተመድበው ነበር። ገሚሱ ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት ክፍል፣ ገሚሱ ከ22 እስከ 25 በሚደርሱበት ክፍል ተማሩ። በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ። ምርጫችን ከዚህ የመጣ ነው።

«የእኔ ልጅ 7ኛ ክፍል ነው፤ ለሌላው ልጅ ለምን እከፍላለሁ?» ያላችሁኝ አላችሁ። የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራንን ጠይቋቸው። ልጆች ስሌቱን ሳይሆን የጥያቄውን ጽሑፍ መረዳት ስለሚያቅታቸው፣ መምህሩ ጊዜውን ጥያቄ በማንበብ ያጠፋል። ልጅዎ ጎበዝ ቢሆንም አብሮ ይጠብቃል። የንባብ መምህራኑ በበላይ ክፍሎችም የሚቸገሩትን ይረዳሉ።

«በሚቀጥለው ካርድ እናያለን» ላላችሁም፣ በአንድ መንፈቀ ዓመት ተአምር እንደሚመጣ ቃል አልገባም። ስለ ደመወዝ የጠቀስኩት ጥናት ያየው 12 ዓመት የዘለቀ ጭማሪን ነው። ቃል የምገባው ሌላ ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ አሁንና በዓመቱ መጨረሻ እንለካለን፤ ሁለቱንም ለወላጁ እናሳያለን።

«ቤተሰብ ከትምህርት ቤት ይበልጣል» ብላችሁ ረጅም ደብዳቤ ለጻፋችሁልኝ ደግሞ፣ እኔም እስማማለሁ። ይህን ከጻፉልኝ አንዳንዶቹ ግን ባለፈው የወላጆች ስብሰባ አልነበሩም። እባካችሁ በዚህኛው ኑ። ልጆችም ያለ ምክንያት መቅረታቸው ይቁም። የቀጠርነው መምህር ባዶ ወንበር አያስተምርም።

ጭማሪው በእርግጥ የከበዳችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በፊት ለብቻ አነጋግሩኝ፤ ክፍያውን ከፋፍለን እናስተካክላለን። በዚህ ምክንያት ከክፍል የሚወጣ ልጅ አይኖርም። የወጪው ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከሰኞ ጀምሮ ይለጠፋል። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው፤ ዝርዝሩን አንብባችሁ ኑ፣ ያልገባችሁን መስመር በመስመር እንነጋገርበታለን።

ከአክብሮት ጋር
ርእሰ መምህር