«ምንም አይሰማኝም» ቢልም ኢኮውን እዩለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። የልብ በሩ ያፈሳል፤ ሚትራል የሚባለው፣ በግራ በኩል ያለው። ልጅ ሆኖ ቶንሲል ይመላለስበት ነበር። እኛ በጨው ውኃ እያስጉመጠመጥን «ያልፋል» እንል ነበር። ለካ የጉሮሮው ባክቴሪያ በወቅቱ ካልታከመ ሰውነት እሱን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን የልብ በር ይጎዳል። ሩማቲክ የሚሉት ይሄ ነው። በ17 ዓመቱ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ታወቀ፣ ሕመሙ እንዳይመለስበት በየ28 ቀኑ የቤንዛቲን (ፔኒሲሊን) መርፌ ተጀመረለት። ከዚያ «ሲደክመው አምጡት» ተባልን።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህች «ሲደክመው» የምትለው ቃል ናት።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን ከታች የሚያወጣልን እሱ ነበር። ሁለቱን በአንዴ ያወጣ የነበረ ልጅ አንድ አንድ ማድረግ ጀመረ። ቀጥሎ 2ኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ስልኩን ማየት አመጣ፤ እኛ መልእክት የሚያነብ ነበር የሚመስለን። ኳስም ሰለቸኝ ብሎ ተወ። እናታችን «ሰነፍክ» እያለች ትቆጣው ነበር። በቀጠሮው ቀን «ይደክምሃል?» ሲባል «ኧረ ምንም» ይላል። ውሸቱን አልነበረም። የሚያደክመውን ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ትቶት ስለነበር እውነትም አይደክመውም።

በኋላ ሌላ ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ልብ ሲጨምቅ ደሙ ወደ ሰውነት መሄድ ሲገባው ከፊሉ በማይገጥመው በር ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ አቅጣጫ ይመለሳል። ልብም ያንን ለማካካስ እየሰፋ ይሄዳል። የኢኮው ወረቀት ላይ ኢኤፍ የሚል ቁጥር አለ፤ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚያስወጣ ይናገራል። የወንድሜ 58 ነበር። ለሌላ ሰው ደህና የሚባል ቁጥር ስለሆነ ደስ ብሎን ነበር። በሩ ክፉኛ ለሚያፈስ ሰው ግን ደህና አይደለም፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ የሚፈሰውም ደም አብሮ ስለሚቆጠር ቁጥሩ ከእውነቱ ይልቅ ያማረ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፍሰቱ ከባድ ሆኖ ኢኤፍ 60 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ልብ ጨምቆ ሲጨርስ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ሰውየው ምንም ባይሰማውም ስለ ኦፕራሲዮን መነጋገር ያስፈልጋል። ከዚያ ከዘገየ ጡንቻው ራሱ ይዝላል፤ በሩ ቢስተካከልም ጉልበቱ ላይመለስ ይችላል። ላሲክስ የሚባለው የሚያሸና መድኃኒት እብጠትና የትንፋሽ ማጠርን ያቀላል እንጂ የሚያፈስ በር አይዘጋም።

ሁሉም ሮጦ ይቀደድ ማለቴ አይደለም። ፍሰቱ ቀላል ከሆነ ለዓመታት በክትትል ብቻ መኖር ይቻላል። ኦፕራሲዮኑም ቀላል ውሳኔ አይደለም። የብረት ቫልቭ (ሰው ሠራሽ የልብ በር) የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፣ ደሙን እየተመረመረ፣ መድኃኒቱን ስለሚነካው የሚበላውን ጎመን እንኳ መጠኑን ሳይለዋውጥ። ዋርፋሪን ጽንስ ሊጎዳ ስለሚችል መውለድ ለምታስብ ሴት ነገሩ የባሰ ይከብዳል። ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ ይህ ጣጣ ይቀንስለታል፣ ግን በወጣት ላይ ቶሎ ያረጃል። ከተቻለ የራስን በር ማስጠገን ይሻላል፤ ሩማቲክ ያደነደነው በር ግን ሁልጊዜ አይጠገንም። ይህን ሁሉ ተቀምጦ ለመምከር ጊዜ ይጠይቃል። ወረፋ አለ፣ ገንዘብ አለ። ትንፋሹ እስኪያጥር የጠበቀ ሰው ወረፋውን የሚጀምረው ልቡ ከደከመ በኋላ ነው።

ወንድሜ አሁን ወረፋ ይዟል። መርፌውን አላቋረጠም፣ ከኦፕራሲዮኑም በኋላ ይቀጥላል ተብሏል። የድሮ የኢኮ ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል ሰብስበን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አየናቸው። ኢኤፉ በየዓመቱ ሲወርድ ነበር። ወረቀቱ እኮ እቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር።

ሐኪሞቻችንን አንድ ነገር ልለምን። «ይደክምሃል?» ከምትሉ «ዓምና ትሠራው የነበረ፣ ዘንድሮ የተውከው ምን አለ?» በሉ፤ አብሮት የመጣውን ቤተሰብም ጠይቁ። ያኔ እንዲህ ብንጠየቅ ኖሮ እናቴ የጄሪካኑን ነገር ታወራላችሁ ነበር።

አንዲት እህት፣ ከአዲስ አበባ