አሻንጉሊቷ ከፕላስቲኳ ትውጣ፦ ለደሴ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ደሴ የምኖር የስፖርት መምህር ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ አንድ ወረቀት ነው። "ሲፒአርና ዲፊብሪሌተር መጠቀም ይችላል" የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ሰርተፍኬት። ሲፒአር ማለት ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠት ነው፤ ዲፊብሪሌተር ደግሞ ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቷ የሚመልስ መሣሪያ ነው። እኔም አለኝ።

እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርዎ። የአሰልጣኙን ድርጅት ስም ልተወው፤ ጠቡ ከእሱ ጋር አይደለም። ጠዋት ስላይድ አየን። ከሻይ በኋላ የምርጫ ፈተና መጣ። "ደረት በደቂቃ ስንት ጊዜ ይጫናል?" ይላል አንዱ ጥያቄ። መልሱ ከ100 እስከ 120 ነው። አሰልጣኙ ግን ጥያቄውን እያነበበ "ይቺን እንኳን ነግሬያችኋለሁ፣ ሐን አትርሷት" ይለን ነበር። ሁላችንም አለፍን። የልምምድ አሻንጉሊቷ ጥግ ላይ ከነፕላስቲኳ ተጋድማ ነበር። መጨረሻ ላይ ወጣች፤ አንድ ባልደረባችን ተንበርክኮ እጁን ጣል አደረገባት፤ ፎቶ ተነሳን፤ ተመልሳ ገባች።

ኋላ ላይ አንዲት ነርስ ወዳጄ በእውነተኛ ልምምድ ላይ አስገባችኝና ጉዱ ወጣ። የአዋቂ ሰው ደረት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መግባት አለበት፣ ከ6 ሳያልፍ። 5 ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ናት። በእጅ ሲሆን ግን ክንድ ሳይታጠፍ፣ ትከሻ ከእጅ በላይ ሆኖ፣ በሰውነት ክብደት ነው የሚወርደው። አሻንጉሊቷ በደንብ ስትጫን "ቀጭ" ትላለች። የእኔዋ ዝም አለች። ከዚያ ደግሞ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ መልቀቅ አለ። ሰው ሲደክመው እዚያው ተደግፎ ይቀራል፤ ልብ ደግሞ ደም የምትሞላው በዚያች በመልቀቂያዋ ጊዜ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላቤ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። በየ2 ደቂቃው ሰው ይቀያየር የሚባለው ለካ ለዚህ ነው! ስፖርት አስተምራለሁ የምለው እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ሌላውን እርስዎ ይገምቱት።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ፒያሳ ላይ ሰው ድንገት ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ሰው ይከባል። አንዱ "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" ይላል። ሌላዋ ውሃ ታርከፈክፋለች። ሰውዬው አልፎ አልፎ አየር ሲስብ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ሲያወጣ "ተመስገን፣ ይተነፍሳል" ይባላል። አይተነፍስም። ያ ማጣጣር ነው፤ ልብ ከቆመች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ ይታያል። ሲጠሩት የማይመልስ፣ እንደ ደህና ሰው የማይተነፍስ አዋቂ ካለ፣ አንዱ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውላል፣ ሌላው ደረት መጫን ይጀምራል። ሲፒአርም የኤሌክትሪክ ንዝረትም ካላገኘ፣ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ ደግሞ በእኛ ዳገትና በገበያ ቀን መንገድ እንዴት እንደሚመጣ ለእርስዎ አልነግርም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የወደቀ ሰው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሆስፒታል እስኪደርስማ ይተውት።

ስለ ዲፊብሪሌተሩ "መሣሪያው የት አለና ነው ፈተናው?" የሚሉኝ አሉ። እኛ ትምህርት ቤት እውነትም የለም። ነገር ግን ሰርተፍኬቱ "መጠቀም ይችላል" እያለ ነው። ወይ ይፈተን፣ ወይ ቃሉ ከወረቀቱ ይውጣ። መሣሪያው ራሱ የሚናገር ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ተለጣፊ ከቀኝ አንገት አጥንት በታች፣ ሌላው በግራ ጎን ከብብት በታች ይለጠፋል፤ ላብ ወይም ውሃ ካለ መጀመሪያ ይጠረጋል። መሣሪያው የልብ ምቱን ሲያነብና ሲነዝር ማንም በሽተኛውን አይነካም። ከነዘረ በኋላ ደግሞ ሁሉም ቁጭ ብሎ ስክሪኑን ማየት ይወዳል፤ ወዲያው ወደ ደረት መመለስ ነበረበት። "ንዝረት አያስፈልግም" ሲል ደግሞ "እሰይ፣ ዳነ" የሚል አይጠፋም። መሣሪያው ያለው ይህን የልብ ሁኔታ ንዝረት አያስተካክለውም ነው፤ ሰውዬው ካልነቃና መተንፈስ ካልጀመረ መጫኑ ይቀጥላል። ይህን በሐ እና በመ ምርጫ ፈትነው አያገኙትም። ለልምምድ የተሠራ፣ ንዝረት የሌለው መሣሪያ አለ፤ እሱን ሰጥቶ ዝም ብሎ ማየት ነው።

ኳስ የሚወድ ሁሉ የዴንማርኩን ተጫዋች ኤሪክሰንን ያስታውሳል። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ሜዳ ላይ ወደቀ፣ ልቡ ቆመች። እዚያው ደረቱን ተጫኑት፣ እዚያው ነዘሩት፤ ዳነ፣ በዓመቱ ሳይደርስ ወደ ጨዋታ ተመለሰ። እኔ ሆጤ ሜዳ ዳር ቆሜ ልጆች ሳሯሩጥ ይህ ከአእምሮዬ አይወጣም። ለነገሩ የእኔ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ጉርምስና የጀመሩ ስለሆኑ፣ በሲፒአር አሠራር የሚታዩት እንደ አዋቂ ነው። ይህንንም ስልጠናው አልነገረንም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በከተማችን ይህን ሰርተፍኬት የሚሰጥ ሁሉ የእጅ ፈተና ይስጥ። ተፈታኙ ብቻውን፣ በአሻንጉሊት ላይ፣ ሙሉ 2 ደቂቃ ይጫን፤ 30 ተጭኖ 2 ትንፋሽ ሲሰጥ ከ10 ሰከንድ በላይ እንዳይቆም ይታይ። ፈታኙ አይርዳ፣ አይጠቁም። የወደቀ ተለማምዶ ይመለስ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጠው መሠረታዊ ኮርስ የጽሑፉ ማለፊያ 84 በመቶ ነው፤ ያንን ያመጣም ቢሆን የእጅ ፈተናውን ካላለፈ ካርድ አያገኝም፤ ካርዱም 2 ዓመት ብቻ ያገለግላል። የእኛ ወረቀት ማብቂያ ቀን የለውም። እጅ ግን በወራት ውስጥ ይረሳል።

"በጀት የለም" እንደሚባል እገምታለሁ። አሻንጉሊቶች ዋጋ አላቸው፣ አልክድም። ግን ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እዚሁ አለን። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ይህን ሥራ በየቀኑ የሚሠሩ ነርሶችና የሰመመን ባለሙያዎች አሉ። አሰልጣኝ ከሌላው፣ ፈታኝ ከእነሱ ቢሆን "ሐን አትርሷት" የሚባል ነገር ይቀራል።

በሐምሌ መምህራን እረፍት ላይ ነን። አንድ ፈታኝና አንድ አሻንጉሊት ቢልኩልን፣ በፈቃደኝነት የምንፈተን ከእኛ ትምህርት ቤት አናንስም። አዳራሹን ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ እኔ አዘጋጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት መምህር፣ ደሴ