ከባሕር ዳር ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፦ ስለ 45 ቀን የቪዛ ጥበቃ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። አነስተኛ የሸማ ሥራ ቤት አለኝ። ስድስት ሸማኔዎች አብረውኝ ይሠራሉ። በየቤታቸው የሚፈትሉልኝ እናቶች ደግሞ ከሃያ ይበልጣሉ። ጋቢ፣ ነጠላና የአንገት ልብስ እንሠራለን። የአንገት ልብሱን አንዲት አውሮፓ ያለች ባለሱቅ ላለፉት ሁለት ዓመታት በትንሽ በትንሹ ስትወስድ ቆይታለች።

ዘንድሮ በ2017 ይህችው ደንበኛዬ እዚያው አውሮፓ ለሚካሄድ የሦስት ቀን የንግድ ትርኢት ጋበዘችኝ። ግብዣው በጥር መጨረሻ ደረሰኝ። ትርኢቱ የሚከፈተው መጋቢት 25 ነበር። ወረቀቴን አሟልቼ፣ ቀጠሮ አግኝቼ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ማመልከቻዬን ያስገባሁት የካቲት 15 ነው። አርባ ቀን ቀድሜ ማለት ነው። ፓስፖርቴ የተመለሰልኝ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ትርኢቱ ከተዘጋ ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ቪዛ የለውም። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ግን አንዲት ሳጥን ውስጥ ምልክት ተደርጓል። የቪዛው ጊዜ ሳያልቅ ወደ አገሬ ስለመመለሴ ያጠራጥራል ይላል።

ኤምባሲውን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ማንን ማስገባት እንዳለባቸው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የምጽፈው በእርስዎ መሥሪያ ቤት በኩል ሊስተካከል የሚችል ነገር ስላለ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 በኢትዮጵያ ላይ የቪዛ እርምጃ ወስዷል። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የውሳኔው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ለእኛ ቀረ። የሚጠየቀውን ሰነድ ማቅለል ቀረ። የዲፕሎማትና የሰርቪስ ፓስፖርት ያላቸው ሰዎች ከክፍያ ነጻ የሚሆኑበት ዕድልም ቀረ። ይህን ያወቅሁት ካመለከትኩ በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ግብዣው በጥቅምት እንዲላክልኝ እለምን ነበር፤ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላልና። ይህን እንኳ በአማርኛ የሚነግረን አጣን።

ተመላሾችን በተመለከተ መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት ለእርስዎ ልነግርዎ አልችልም። ከባድ ጉዳይ ነው። የሰው ሕይወት አለበት። ነገር ግን ስትደራደሩ የእኛም ነገር ይነሳልን። ሦስት ቀን ዕቃ አሳይቶ የሚመለስ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ የለበትም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ቢያንስ ፈቃድ ላለው፣ ግብር ለከፈለ፣ ከዚህ በፊት ዕቃ ልኮ የውጭ ምንዛሪ ላስገባ ነጋዴ የ15 ቀኑ ጊዜ ይመለስልን ብላችሁ ብትጠይቁ ምን ይላችኋል?

ሁለተኛው ስለ ጥርጣሬው ነው፤ እኔን ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት አስገብቻለሁ። ያ ወረቀት በማያውቀው ሰው ዓይን ሲታይ ምን ይመስላል? ነሐሴ የለም። መስከረም ትንሽ ብቅ ይላል። ጥቅምትና ኅዳር ጭር ያለ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ገንዘቡ ዱብ ዱብ ይላል። ለቪዛ ብላ ከሰው ተበድራ ያስገባችው ነው ቢሉ አልፈርድባቸውም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። የጥር ሠርግም አለ። የሸማ ሰው ዓመቱን የሚበላው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ደንበኛ አይረግጥም። ይህን ለቪዛ ኦፊሰር ማን ያስረዳልኝ? የንግድ ፈቃዴም የግብር ክሊራንሴም ተተርጉሞ ገብቷል። ወረቀቱ ግን ስለ ጥምቀት አይናገርም።

እዚህ ላይ ሚኒስቴሩ ከክልሉ ንግድ ቢሮ ጋር ሆኖ አንድ ደብዳቤ ቢያዘጋጅልን ብዙ ይቀል ነበር። ይህ ሰው እውነተኛ ነጋዴ ነው፣ ይህን ያህል ሠራተኛ አለው፣ ገቢው በዓልን ተከትሎ ይሄዳል የሚል። የሚያረጋግጥ ሰው ሥራ ቤታችን ድረስ መጥቶ ይይ። ድሩን ይቁጠር። ደስ ይለናል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ፓስፖርት የምናወጣው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ነው። አሻራ ሰጥተን፣ ፎቶ ተነስተን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ለቪዛ ግን የግድ አዲስ አበባ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባይ በረሃን በመኪና ማቋረጥ በዚህ ጊዜ እንደ ልብ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ አውሮፕላን ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለማመልከት፣ አንድ ጊዜ ፓስፖርት ለመውሰድ ደርሶ መልስ ከፍያለሁ። የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 2016 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በብር ሲታሰብ እጅግ ናረ። ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም አለ። ለሸማኔዎቼ የከፈልኩ ያህል ነው ያወጣሁት።

አሻራ ስሰጥ የሆነውን ልንገርዎ። ልጅቷ ጣትሽን አስቀምጪ አለችኝ። አስቀመጥኩ። ማሽኑ አላነበበም። መስታወቱን ወልውላ ድገሚ አለችኝ። ደገምኩ። የቀኝ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ እምቢ አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ባዘቶ ስስብ፣ እንዝርት ሳሾር ኖሬያለሁ። የጣቴ ጫፍ ለስላሳ ሆኗል፤ መስመሩ ጠፍቷል። ልጅቷ በጣም ደግ ነበረች። እርጥብ ሶፍት ሰጥታ፣ በእጇ ጫን ብላ ይዛልኝ በአራተኛው ተሳካ። እጄ ላይ ያለው ሥራዬ ነው። የምመለስበትም ምክንያት እሱው ነው። ያን ዕለት ከስቴትመንቱ ይልቅ ጣቴን ቢያዩልኝ ብዬ ተመኝቻለሁ።

አንዴ የተሰጠ አሻራ ለሼንገን ቪዛ፣ ማለትም ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ 59 ወር ያገለግላል። አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እንግዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ አሻራ የሚወስድ ቡድን ባሕር ዳር ቢመጣ፣ የጎንደሩም የደብረ ታቦሩም ነጋዴ እዚሁ ጨርሶ ይመለስ ነበር። ኤምባሲዎቹን ልታዝዟቸው አትችሉም። ልትጠይቋቸው ግን ትችላላችሁ። ቦታ እኛ እናገኛለን። የጣና ዳር ሆቴሎች አዳራሽ ሞልቷቸዋል።

ለትርኢቱ የተዘጋጁት አርባ የአንገት ልብሶች አሁንም ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ጥለታቸው የጣናን ውሃ ማታ ላይ እንዲመስል ብለን ሰማያዊና ግራጫ አደረግነው። ፈትሉን የፈተሉት እማማ ባለፈው ሳምንት ልቃቂት ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው።

ደንበኛዬ በድጋሚ ጋብዛኛለች፤ ለሚቀጥለው ኅዳር። ነሐሴ ላይ አመለክታለሁ። ከዚያ በፊት ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ቃል ብሰማ ለእኔም፣ እንደ እኔ ላሉ የባሕር ዳር ነጋዴዎችም ትልቅ ነገር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸማ ሥራ ቤት ባለቤት
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር