የምድጃችን ዋጋ ለምን ጨመረ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ቡራዩ ወዳለው ማምረቻችን የመጣ ሁሉ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አምና በግማሽ ዋጋ ገዝተን የለም እንዴ?» ልክ ናችሁ። ያኔ ግማሹን የከፈለላችሁ የድጎማ ፕሮጀክት ነበር። ፕሮጀክቱ አልቋል። «ምርጥ» የተባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃችን ግን ያው ነው። ሲሚንቶውም፣ ፑሚሱም (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ውፍረቱም አልተነካም። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ አሁንም ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ድጎማን አናማም። ብዙ እናቶች ምድጃውን የሞከሩት በእሱ ሰበብ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። «ድጎማ ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ ገዢ እጁን ይሰበስባል። ድጎማው ሲቀር ደግሞ ትክክለኛው ዋጋ ዘረፋ ይመስላል። በመሃል፣ ፕሮጀክቱ ያልመረጠው አምራች ገበያ ያጣል። እዚሁ ሰፈር ምድጃ ይሠራ የነበረ አንድ ባልደረባችን ዛሬ ብሎኬት ነው የሚያመርተው።

መብራትም ቢሆን ድጎማ አለበት። ታሪፉ ለዓመታት ከወጪው በታች ቆይቶ፣ ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። በርካሽ መብራት እንጀራ መጋገር ለደኑ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ገበያ እንኳ አይደለም! መብራት ሲጠፋ ግን ደጃችንን ታውቁታላችሁ።

እኛ የምንለው፣ ድጎማው የት ላይ ያርፋል ነው ቁም ነገሩ። የኤሌክትሪክ መኪናን እዩ። መንግሥት በ2014 ከቫት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ ሲያደርገው፣ የጉምሩክ ቀረጡን በሦስት ከፈለው፦ ተገጣጥሞ ላለቀ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ዜሮ። ገዢውም ተጠቀመ፣ እዚህ የሚገጣጥመውም ተበረታታ። ለምድጃም እንዲህ ቢታሰብ ደስ ይለን ነበር። ገንዘቡ ለሞልድ (ምድጃው ለሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ) እና ለሥልጠና ቢውል፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋም ሞልዱ ይቀራል፤ ሙያውም አይጠፋም።

እስከዚያው ያሰብነውን እንንገራችሁ። አዲሱ ዋጋ በራችን ላይ ተለጥፏል። በአንዴ መክፈል ለሚከብዳችሁ በሁለት ጊዜ እንቀበላለን፤ ግማሹን ስትከፍሉ ምድጃውን ትወስዳላችሁ። ድጎማ ተመልሶ ከመጣም የመነሻ ዋጋችንን አናስወድድም፤ ቅናሹ የእናንተ ነው። አምና የገዛችሁት ምድጃ አንድ ክፍሉ ከተሰበረ አዲስ አትግዙ። የተሰበረውን ይዛችሁ ኑ፣ ያንኑ ብቻ እንሠራላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የምድጃ ማምረቻው ባልደረቦች
ቡራዩ