የክረምቱን የባቡር ሽርሽር በተመለከተ ለልጄ

ፉሪ፣ አዲስ አበባ ዳርቻ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የፉሪ ጭቃ ብቻ እንደ ልማዱ ከቤት መውጣቱን አክብዶብናል።

ነሐሴ ላይ ዙሪክ ስመጣ በባቡር ልታዝናኚኝ አስበሽ የላክሽልኝን ዝርዝር ደጋግሜ አነበብኩት። ዕድሜዬን በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል የፈጀሁ ሰው ምርጫውን ለአንቺ ብቻ ትቼ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ፣ የሚሰማኝን ሳልሸፋፍን እጽፍልሻለሁ።

በዝርዝሩ ቀዳሚ ያደረግሽው ግላሲየር ኤክስፕረስ ስሙ የገነነ ነው። ከዘርማት እስከ ሳን ሞሪትዝ 91 ዋሻዎችንና 291 ድልድዮችን እያለፈ ስምንት ሰዓት ያህል ይጓዛል። ይሁን እንጂ ከቲኬቱ በተጨማሪ የመቀመጫ ማስያዣ የግድ ይከፈልበታል፤ እስከ ጣሪያ የሚደርሰው ሰፊ መስኮትም አይከፈትም፣ ፎቶግራፍ ለሚያነሳም ነጸብራቁ ያስቸግራል። የልጅ ልጆቼን ስለማውቃቸው ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራራ ያያሉ ብዬ አላምንም፤ ገና ሳይጋመስ ስልክሽን መቀማት ይጀምራሉ። በዚያው ሀዲድ ላይ ተራዎቹ ባቡሮች ስለሚመላለሱ፣ ያማረሽ ቦታ ወርደሽ፣ ምሳ በልተሽ፣ ቀጣዩን መሳፈር እየቻልሽ ለስም መክፈሉ አይታየኝም።

እኔን ከጠየቅሽኝ የቤርኒናን መስመር እመርጣለሁ። ባቡሩ ከሳን ሞሪትዝ ተነስቶ 2,253 ሜትር ከፍታ ድረስ ከወጣ በኋላ፣ ጣሊያን ውስጥ 429 ሜትር ላይ ወደምትገኘው ወደ ቲራኖ ይወርዳል፤ ደጋውን ከበረዶው ጋር ትተሽ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወይን የሚበቅልበት ቆላ ትደርሻለሽ ማለት ነው። ቁልቁለቱ በ1,000 ሜትር ጉዞ እስከ 70 ሜትር ዝቅ የሚል ሆኖ ሳለ ጥርስ ያለው ሀዲድ አልተበጀለትም፤ ብረት በብረት ላይ ይዞ ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፍሬን የጠገነ ሰው ይህን ሲሰማ እጁ ያልበዋል። ብሩሲዮ ሲደርስ ሸለቆው ጠባብ ሆኖ ከፍታውን በቀጥታ ማውረድ ስላልተቻለ፣ ሀዲዱ በድንጋይ ድልድይ ላይ ሙሉ ክብ ዞሮ በራሱ ቅስት ሥር ያልፋል። ከሳን ሞሪትዝ ስንነሳ በስተቀኝ እንቀመጥ፤ ከተራዎቹ ፉርጎዎችም መስኮታቸው የሚከፈተውን ፈልጊልኝ።

የዚህ መስመር ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ የቀድሞው የጅቡቲ ባቡራችንም እንዲሁ ነበር። የእኛው በብዙ ፈረንሳዊ ቢሆንም መነሻው ላይ የአንቺ አገር ሰው እንዳለበት አትርሺ። በ1894 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ምኒልክ የሐዲድ ሥራውን ፈቃድ የተቀበለው ሙሴ ኢልግ ስዊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ሲገባ፣ እርሱ ግን አንድ ዓመት ቀድሞ እዚያው ዙሪክ አርፎ ነበር።

የቸኮሌት ባቡር ያልሽውን በተመለከተ፣ ልጆቹ ይደሰቱበታልና አልከለክልሽም፤ ነገር ግን የዚያ ቀን ዋናው ነገር ግሩዬር ያለው ቺዝ ቤትና ብሮክ ያለው የቸኮሌት ፋብሪካ እንጂ ባቡሩ አይደለም። ባቡሩ ራሱ ጨዋታ የሆነበትን ካሻሽ የፉርካን የእንፋሎት ባቡር እይ። በ1982 እ.ኤ.አ. በፉርካ ተራራ ሥር ረጅሙ ዋሻ ሲከፈት ከላይ የሚያልፈው አሮጌ መስመር ተተወ። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ሀዲዱን ጠግነው፣ ቀድሞ እዚያው ይሠሩ የነበሩና ወደ ቬትናም የተሸጡ ለኮሞቲቮችን በ1990 መልሰው አስመጡ፤ ዛሬ ከሬያልፕ እስከ ኦበርቫልድ በበጋቸው ወራት ብቻ ይሄዳሉ። ሽቅቡ ሲከፋ በሀዲዶቹ መካከል የተዘረጋውን ጥርስ በለኮሞቲቩ ሆድ ሥር ያለ ጥርሳም መንኮራኩር እየነከሰ ይጎትታል። ከሁሉ የገረመኝ የሽቴፈንባኽ ድልድይ ነው፦ የበረዶ ናዳ እንዳይወስደው ሲሉ በየመኸሩ አጣጥፈው ወደ ዳርና ዳር ይሰበስቡታል፣ በየጸደዩ ደግሞ መልሰው ይዘረጉታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ያለ ደሞዝ ነው። የእኛዎቹን አሮጌ ባቡሮች ሳስብ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ፍሬኑንም ቦይለሩንም በእጁ የሚያውቅ ሰው ዛሬም አይጠፋም፣ የጠፋው ነገሩን ለሽርሽር የሚያስብለት ነው።

ለገና ስትመጡ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ፉሪ ለቡ፣ ማለትም ደጃፋችን ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ድረስ እወስዳችኋለሁ። ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ስለተሠሩ እንደ ጥንቱ በየመስኮቱ ብርቱካንና ቆሎ የሚያቀርብ የለም፣ ስንቅ እናትሽ ታዘጋጃለች። ነገር ግን ቢሾፍቱንና አዳማን አልፈሽ መተሐራ አካባቢ የፈንታሌን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያም የአዋሽን ሜዳ ስታዪ፣ ደጋው ከኋላሽ ሲቀር ካፖርትሽን ስታወልቂ፣ ቤርኒና ላይ ያየሽውን መውረድ በእኛ አገር ትደግሚዋለሽ። ቀኑና ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ከመምጣታችሁ በፊት ጣቢያው ሄጄ አጣርቼ እጽፍልሻለሁ፤ ቲኬት ሲቆረጥ መታወቂያ ስለሚጠየቅ የሁላችሁንም ፓስፖርት ቅጂ አስቀድመሽ ላኪልኝ።

ለፉርካው ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ አሁኑኑ አስይዢ፤ ለቤርኒናው ግን ምንም አታስይዢ፣ ሰማዩ የጠራበትን ጠዋት አይተን እንነሳለን። ለእኔ ጃኬት ብትገዢ እጅጌው እንዳያጥር።

አባትሽ