ሐኪም ፊት ሲደርስ የሚጠፋው ሽፍታ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ። ምንም የለም። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ ነው ያደረው፣ አሁን ግን ጠፋ» አለችኝ፣ እንባዋ እየመጣ።

እባካችሁ እንዲህ ሲሏችሁ እመኗቸው። የዩርቲካሪያ፣ ማለትም እያበጠ የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ፣ ጠባዩ ይኸው ነው። አንዱ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላው ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይወጣል። እንዲህ እያለ 6 ሳምንት ካለፈው ሥር የሰደደ እንለዋለን።

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ባየነው ብቻ አንፍረድ። ታካሚው በየቀኑ ሁለት ነገር ይመዝግብ። አንዱ የማሳከኩ ክብደት ነው፣ ከ0 እስከ 3። ሌላው የእብጠቱ ብዛት ነው፤ ከሌለ 0፣ ከ20 በታች 1፣ ከ20 እስከ 50 ከሆነ 2፣ ከዚያ በላይ 3። የሁለቱ የሰባት ቀን ድምር ከ42 ይታሰባል። ሲወጣበትም በስልኩ ፎቶ ያንሳው።

ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። በጣታችሁ ዳስሱት። ዙሪያውን በእስክሪብቶ አክብባችሁ ሰዓቱን ጻፉ። በማግስቱ እዚያው ካለ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካመመ፣ ወይም እንደ በለዘ ምልክት ትቶ ከሄደ የደም ሥር ብግነትን አስቡ፤ የቆዳ ናሙና ያስፈልጋል።

ያቺ እናት እንቁላልና ሥጋ ከተወች ወራት ሆኗታል። ምግብ ግን ለዚህ በሽታ እምብዛም ምክንያት አይሆንም። ይልቅ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ትወስድ እንደሆነ ጠይቋት፤ አንዳንዱን ያባብስበታል።

ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

የመመዝገቢያ ቅጹን በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።